ማራዶናዬን በስንት ልሽጠው?

ወስኛለሁ፤ የእግር ኳሰኛውን የማራዶናን ካርዴን እሸጠዋለሁ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም። ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ የከረመው ሌላ ጥያቄ ነው። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ጥሩ ዋጋ የሚባለው የቱ ነው? አሁን ትንሽ ጠራ ስላለልኝ ሳልረሳው ልጻፈው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ካርዱ የጣሊያኑ የስቲከር አሳታሚ ፓኒኒ በ1979 ለጣሊያን ሊግ አልበም ካተማቸው መካከል ቁጥር 312 ነው። ማራዶና ያኔ ገና ለጣሊያን ክለብ አልተጫወተም፤ ናፖሊ የገባው በ1984 ነው። በ1979 ግን ከአርጀንቲና ጋር ጃፓን ላይ የወጣቶችን የዓለም ዋንጫ በልቷል፤ የውድድሩም ኮከብ እሱ ነበር። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያ ካርዱ ብለው የሚፈልጉት ይሄንን ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ስቲከር ነው፤ ብርቅ ያደረገውም ይኸው ነው። ልጆች የገዙት ጀርባውን ልጠው አልበም ላይ ሊለጥፉት እንጂ ሊያስቀምጡት አልነበረም። ጀርባው ሳይላጥ፣ ጥጉ ሳይታጠፍ ከልጅ እጅ ተርፎ እስከ ዛሬ የዘለቀ ጥቂት ነው።

የኔው የካርዶችን ይዞታ መርምሮ ደረጃ በሚሰጠው የአሜሪካ ድርጅት በፒኤስኤ ተመርምሮ ስምንት አግኝቷል። ከፍተኛው አስር ነው። መርማሪዎቹ ጥጎቹን፣ ጠርዙንና ገጹን ያያሉ፤ ምስሉ መሃል መያዙን ይለካሉ፤ ከዚያ ቁጥር ሰጥተው ካርዱን በፕላስቲክ ሳጥን ያሽጉታል። ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም። ስምንት ያገኙ ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንዱ ቀለሙ ደምቆ ዓይን ይገባል፣ ሌላው ምስሉ ወደ ጎን ሸሽቶ ደብዘዝ ይላል። ልምድ ያለው ገዢ ለመጀመሪያው ጨምሮ ይከፍላል። ደግሞም መርማሪ ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ፒኤስኤ በ1991 መጀመሪያ የመረመረው ካርድ ሆነስ ዋግነር የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች ካርድ ነበር፤ ስምንት ተሰጠው። ካርዱን ቀድሞ ይዞት የነበረው ነጋዴ ቢል ማስትሮ ግን ከምርመራው በፊት ጠርዙን ቆራርጦት እንደነበር በ2013 አመነ። ስለዚህ ፊትና ጀርባውን፣ አራቱንም ጥጎች በጠራ ፎቶ አነሳለሁ። ግራ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ነጭ ነጥብም በጉልህ አሳያለሁ። ገዢ ራሱ ካገኛት መጠራጠር ይጀምራል፤ እኔ ካሳየሁት ግን ሌላውንም ያምነኛል።

«ሳጥኑን ሰብረህ እንደገና አስመርምረው፣ ዘጠኝ ሊያገኝ ይችላል» ያለኝ ጓደኛ አለ። ሰባትም ሊያገኝ ይችላል። አልነካውም።

ወደ ዋጋው ልምጣ። አስር ያገኘ ያው ቁጥር 312 በ2021 ከ550 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። ካርዱ እንዳለኝ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ዜና ይልክልኛል። ስምንት ግን አስር አይደለም። ከላይ ባሉት ደረጃዎች የአንድ ቁጥር ልዩነት ዋጋውን በብዙ እጥፍ ሊያዘልለው ይችላል። ዓመቱም ተራ ዓመት አልነበረም። ማራዶና ያረፈው በኖቬምበር 2020 ነው። በዚያ ላይ የካርድ ገበያው በጠቅላላ ጦፎ ነበር፤ ፒኤስኤ በማርች 2021 የሚጎርፈው ካርድ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት አብዛኛውን አገልግሎቱን ለጊዜው አቁሟል። ፍሊር የተባለው ካርድ አታሚ በ1986 ያወጣው የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን ካርድ፣ አስር ያገኘው፣ በጃንዋሪ 2021 በ738 ሺህ ዶላር ተሽጦ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ካርድ፣ በዚያው ደረጃ፣ ከግማሽ በታች ወረደ።

ስለዚህ የማየው በዚሁ ደረጃ፣ በቅርብ ጊዜ፣ በእርግጥ የተሸጠውን ነው። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ላይ ተለጥፎ የሚውለው የመሸጫ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳየው ማጣሪያ ይሻላል። ችግሩ ግን እዚህ ጋ ይመጣል። በየሳምንቱ የሚሸጥ ካርድ ዋጋው ይታወቃል። የብርቅ ካርድ የመጨረሻ ሽያጭ ግን ቆየት ያለ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ቀን ማን እንደነበረና ማን እንዳልነበረም አይታወቅም።

የገባኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨረታ ላይ ዋጋውን የሚያወጣው ሁለተኛ የወጣው ሰው ነው። አሸናፊው ከሁለተኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ልቡ ያሰበውን ሁሉ እንዲከፍል የሚያስገድደው የለም። አንድ ሰው ካርዴን ቢሞትለት እንኳ ተፎካካሪ ከሌለው በርካሽ ይወስደዋል። ሁለት ሰዎች እልህ ሲጋቡ ነው ዋጋው የሚወጣው። እኔ ላገኘው የሚገባኝ ያንን ሁለተኛ ሰው ነው።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ምርጫው ቀለለኝ። አንድ ነጋዴ ደውሎልኝ «ወንድሜ፣ ገንዘቡን ዛሬውኑ አስገባልሃለሁ» ብሎኛል። ያቀረበው ዋጋ አያስከፋም። አልቀየምኩትም፤ አትርፎ ሊሸጠው ነው የሚገዛው። ግን እዚያ ንግግር ውስጥ ያለው ገዢ አንድ ብቻ ነው። በራሴ ኢቤይ ላይ ባወጣው ብዙ ሰው ያየዋል፤ ዋና ዋናዎቹ የማራዶና ሰብሳቢዎች በዚያ ሳምንት መኖራቸውን ግን እርግጠኛ መሆን አልችልም። አጫራች ድርጅት ያለው ጥቅም የገዢዎቹን ስም ማወቁ ነው። ካታሎግ ይልክላቸዋል፣ ይደውልላቸዋል።

ይህ በነጻ አይደለም። ቶፕስ የተባለው ካርድ አታሚ በ1952 ያወጣው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ በኦገስት 2022 ሄሪቴጅ በተባለው አጫራች ድርጅት ጨረታ ላይ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ተብሎ ዓለም ሁሉ አወራ። ጨረታው የቆመው 10.5 ሚሊዮን ላይ ነበር። የቀረው ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለው 20 በመቶ ነው። ክፍያው ከገዢው ኪስ ቢወጣም እኔንም ይነካኛል፤ ተጫራች በጠቅላላው ስንት እንደሚከፍል አስልቶ ነው እጁን የሚያወጣው። በዚያ ላይ ከሻጩም ኮሚሽን የሚጠይቁ አሉ። ካርዱ ደህና ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ ግን ይህ ለድርድር ክፍት ነው፤ የሻጩን ኮሚሽን ጨርሶ የሚተዉ አጫራቾችም አሉ። ሳይጠይቁ የሚገኝ ነገር አይደለም።

የመጨረሻው ጭንቀቴ ዝቅተኛው ዋጋ ነበር። ከዚህ በታች አልሸጥም ብዬ ከፍ ያለ ቁጥር ባስቀምጥ ልቤ ያርፍ ነበር። ግን በአደባባይ ቀርቦ ሳይሸጥ የተመለሰ ካርድ ስሙ ይበላሻል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም «ለምን አልተሸጠም?» ይላል። ጭራሽ ያለ ገደብ እንዳልለቀው ደግሞ የዚህ ካርድ እውነተኛ ፈላጊዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ በዚያ ሌሊት ቢተኛ አለቀልኝ። ስለዚህ ዝቅተኛው ዋጋ ነጋዴው ያቀረበልኝ ዋጋ ይሆናል፤ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ እጄ ላይ ከዚያ ያነሰ እንዳይገባ። የጨረታው መነሻ ዋጋ ግን ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ብዙ ሰው ገብቶ እንዲሟሟቅ።

ዛሬ ማታ ለሁለት አጫራቾች እጽፋለሁ። በቅርቡ የድሮ የፓኒኒ ስቲከሮችን የሸጡት ለስንት የተለያዩ ተጫራቾች ነው? ማራዶናዬ የሚወጣው ከየትኞቹ ካርዶች ጋር ነው? የእግር ኳስ ሰው በሚያየው ጨረታ ነው ወይስ መቶ የቤዝቦል ካርድ መሃል ተሸጉጦ? ኮሚሽኑስ? ገንዘቡ በስንት ቀን ይገባል? በመንገድ ላይ ቢጠፋ የማን ኢንሹራንስ ይከፍላል? የተሻለ መልስ ለሰጠኝ እልካለሁ። የእግር ኳስ ጨረታቸው ወራት ይቀረዋል ካሉኝም እጠብቃለሁ።