ሂቢስከስ በደብረ ማርቆስ ብርድ

ባሕር ዳር ላይ ሂቢስከስ የተባለው የአበባ ተክል ደጅ ቆሞ ዓመቱን ሙሉ ያብባል፤ ብርድ ይመታው ይሆን ብሎ የሚጨነቅለት የለም። ደብረ ማርቆስ ግን ሌላ አገር ናት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እኛ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል የቀኑ ሙቀት ሌሊቱን ተንኖ ያልቃል፤ ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ሲባል ደግሞ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ስለዚህ የእኔዋ ቀይ ሂቢስከስ ኅዳር ሲገባ እሷም ቤት ትገባለች።

ቦታዋ በደቡብ በኩል ያለው መስኮት ሥር ነው። በክረምት ወደ ሰሜን ያጋደለችው ፀሐይ በበጋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በታኅሣሥ ብርሃኗ በዚያ መስኮት ይገባል። ብርሃን ያጣ ሂቢስከስ አበባ አይሰጥም። ማታ መስታወቱ ስለሚቀዘቅዝ ማሰሮዋን ሳብ አድርጌ መጋረጃውን እዘጋለሁ።

ብዙ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው፤ እኔ የምፈራው ውኃውን ነው። በብርድ ጊዜ እድገቷ ስለሚገታ ሥሯ የሚጠጣው ጥቂት ነው። የተረፈው ውኃ ቀዝቅዞ አፈሩ ውስጥ ይቆያል፤ አየር ያጣው ሥርም ይበሰብሳል። ክፋቱ፣ ሥሩ የበሰበሰ ተክል የተጠማ መስሎ ይጠወልጋል፤ ያየውም ሁሉ አዝኖ ሌላ ጆግ ይደፋበታል። እናቴ በተለይ አይሆንላትም። ደጃፏ የመጣን ሰው ሳታጠጣ ሸኝታ አታውቅምና አበባዋን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳታል።

«ኧረ ልጄ፣ ደረቀችብህ!»

ጣቴን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ እከታለሁ። እርጥበት ካለ፣ «እማዬ፣ ገና ናት» እላታለሁ።

አፈሩም ወሳኝ ነው። የአካባቢያችን መረሬ ውኃ ቋጥሮ ስለሚይዝ ከአሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ደባልቄ፣ ታቹ በተበሳ ማሰሮ ተክያታለሁ።

ቡና ሲፈላም የከሰል ምድጃው ይራቅላት። «ይሞቃታል» ብለው አጠገቡ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ነገር ግን ጭሱ ውስጥ ያለው ኤትሊን የተባለ ጋዝ እንቡጧን ሳይፈነዳ ያረግፈዋል። ደረቅ አየር ደግሞ ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ደቃቅ ተባይ ይጋብዛል። ቅጠሉ ነጠብጣብ ካወጣና ከሥሩ ቀጭን ድር ከታየ፣ የቅጠሉን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ መጥረግ ነው። ሥራው አድካሚ ቢሆንም እኔ ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ልፋት አንድ ቀን ለሚቆይ አበባ ነው። የተጠመዘዘው እንቡጥ ጠዋት ይፈታል፤ ከመሐሉ ረጅም ዘንግ ይወጣል፤ ዘንጉ ጎንና ጎኑ ቢጫ ብናኝ የተሸከመ፣ ጫፉ ደግሞ አምስት ቀያይ ነጥብ ያለው ነው። የጥጥ አበባን በቅርብ ያየ ሰው ዝምድናቸውን ወዲያው ይለያል፤ ቤተሰባቸው አንድ ነው። በማግስቱ አበባው ተጠቅልሎ ይወድቃል። ሌላ እንቡጥ ካለ ግን ቤቱ እንደገና ይደምቃል።

ብርዱ ሲሰበር፣ የካቲት ላይ፣ ቅርንጫፎቿን አሳጥራለሁ፤ የምታብበው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነውና። ከዚያ ወደ ደጅ ትወጣለች። መጀመሪያ ጥላ ሥር ትሰንብት፤ ቤት የከረመ ቅጠል የበጋን ፀሐይ በአንድ ጊዜ አይችልም፣ ይቃጠላል።