የእማዬ ሁለት ፍላሾች

አባዬ ያረፈ ዕለት ጎረቤቶች ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈኑት። ሬዲዮኑም ጠፋ። ዓመት ሞላ፣ ተዝካሩ ወጣ፣ እማዬ ጥቁሯን አወለቀች። ሬዲዮኑን ግን የነካው የለም።

79 ዓመቷ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ ትመለሳለች፤ ከዚያ ሶፋው ጥግ ቁጭ። እንዝርቷ እንኳ ከነባዘቶው አቧራ ጠጣ። "ምን ሆነሽ ነው?" ስላት፣ "ምን እሆናለሁ?" ነው መልሷ።

ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ደስ ደስ የሚሉ አዳዲስ ዘፈኖች ፍላሽ ላይ አስጫንኩ። ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮም ገዛሁ፤ ድምፅ መጨመሪያዋ እንደ ድሮው የሚዞር። የስልኩ መንካት ለእሷ ጣጣ ነው። ሁለት ዘፈን ሰማችና "ጆሮዬን በሳው፣ አጥፋልኝ" አለች።

ቅር አለኝ። ለካ እውነቷን ኖሯል። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚከዳው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ኪቦርዱና ከበሮው ሲደራረብ ቃሉ አይለያትም፤ ጫጫታው ብቻ ይደርሳታል።

"እሺ ምን ላስጭንልሽ?" አልኳት። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይሄን ነበር።

ትንሽ ዝም አለች። "የጥላሁንን፣ የብዙነሽን። የድሮውን ነው ታዲያ!"

የድሮው ማለት የሸክላው ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ እማዬ ያኔ 23 ዓመቷ። ሰው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜው የሰማው ዘፈን ከሌላው ሁሉ ይልቅ አብሮት እንደሚቆይ ተመራማሪዎችም ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ዘፈን በትዝታ ቅኝት ነበር። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ እንባዋ ወረደ። ደንግጬ አጠፋሁት።

"ማን አጥፋ አለህ?" ብላ ተቆጣችኝ። "አባትህ እኮ ይሄን ፒያሳ ሸክላ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር የሚሰማው። መግዣ አልነበረውም። እኔ ደግሞ እዚያ ማዶ ቆሜ እሱን ነው የማየው።"

በአርባ ዓመቴ ገና መስማቴ ነው። እስኪመሽ አወራችኝ። አልቅሳ፣ ስቃ፣ ደግሞ አልቅሳ። በሳምንቱ ስመጣ እንዝርቷን እያሾረች ታንጎራጉራለች።

ዘፈን መድኃኒት ነው አልልም። እንቅልፍ እምቢ የሚላት ሌሊት አሁንም አለ። ግን "ምን እሆናለሁ?" ማለቱን ትታለች፤ ሲከፋት ከፋኝ ትላለች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በእሷ ቤት በጾም ዘፈን የሚባል ነገር የለም፤ 55 ቀን ሙሉ። ፈራሁ። እሷ ግን አስባበት ኖሯል፤ "በገና አስጭንልኝ" አለችኝ። ያ ወፍራም፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ለጆሮዋም ይስማማል። አውታሮቹ እንዚራ የሚሏትን ቁራጭ ቆዳ እየነኩ ነው እንደዚያ የሚነዝሩት። ጥቁር ፍላሽ ገዛሁላት፤ የዘፈኑ ቀይ ነው። ቀዩን በመሐረብ ቋጥራ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ ዶሮው ገና እየሞቀ ነበር። ነጠላዋን ሳታወርድ ቁልፉን ዘረጋችልኝ።

"እስቲ ቀዩን አምጣው።"