ከበሮው ሁለት ጊዜ ሲመታ

ሥራዬ ድምፅ ነው። ማይክ እተክላለሁ፣ ስፒከር እዘረጋለሁ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ፊት ቁጭ ብዬ የተናገረው ላልሰማው እንዲደርስ አደርጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለ7 ዓመት የሠራዊት ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ክላርኔት ነበርኩ። የድሮ ባልደረቦቼ "ቅዳሜና እሁድ እንገናኝና እንደ ድሮው እንጫወት" ብለው ሲደውሉልኝ፣ ክላርኔቴንም ይዤ፣ የሥራ ዕቃዬንም ጭኜ ሄድኩ።

41 ሰው መጣ። ትልቁ 78 ዓመታቸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ጠበቀን። ማንም ማንንም "እዚህ ተቀመጥ" አላለም። ሁሉም ቀጥ ብሎ የድሮ ቦታው ሄደ። በሞት የተለዩን ሰዎች ወንበር ባዶውን ቀረ፤ ተጠጋግቶ ሊሞላው የደፈረ የለም። ከጎኔ የመጀመሪያው ክላርኔት ወንበር ነበር። 7 ዓመት ሙሉ ትንፋሽ የምስበው የእሱን ትከሻ እያየሁ ነው። ትከሻው ከፍ ሲል እኔም እስባለሁ። ያን ቀን የመጀመሪያውን ኖታ ልንነፋ ስንል ሳላስበው ወደ ባዶው ወንበር ዞርኩ። ዘግይቼ ገባሁ።

በባንድ ውስጥ ሰው የሚጠራው በመሣሪያው ነው። ጋሽ ቱባ፣ ጋሽ ትሮምቦን፣ ጋሽ ትራምፔት። እኔም ዛሬ ድረስ "ሁለተኛ" ነኝ።

ስለ ጋሽ ትራምፔት ትንሽ ልንገራችሁ። የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ሰው ሠራሽ አስገብተዋል። ይህ ለሌላ ሰው የምግብ ጉዳይ ነው። ለትራምፔት ነፊ ግን ሌላ ነው። ድምፁ የሚወጣው ከንፈር ሲርገበገብ ነው፤ ከንፈሩ ደግሞ የሚደገፈው በጥርስ ነው። ድጋፉ ሲቀየር የ30 ዓመት ነፊ እንደ ጀማሪ ይሆናል። እሳቸው ለዚህች ቅዳሜና እሁድ ብለው 5 ወር ሙሉ በየቀኑ አንድ ረጅም ኖታ ከመንፋት ጀምረው ከንፈራቸውን እንደ አዲስ አስተምረዋል። አሥር ደቂቃ ይነፋሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ይነፋሉ።

የእሁዱ ፕሮግራም ሜዳ ላይ ማርሽ ማሳየት ነበር። ቤተሰብ ይመጣል። ወንበር የተዘጋጀው ከሜዳው ማዶ ነው። ባንዱ ከሚያልፍበት መስመር እስከ ወንበሮቹ ለካሁት፤ 60 ሜትር።

"ስፒከር ልትከል ነው" ስላቸው የድሮው መሪያችን ሻምበል ትክ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ የማርሽ ባንድ ስፒከር ያስፈልገዋል እንዴ?"

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። እነዚህ መሣሪያዎች የሜዳ ናቸው። አዶልፍ ሳክስ በ1846 እ.ኤ.አ. ሳክስፎንን በስሙ ሲያስመዘግብ የጦር ባንድን አስቦ ነው። ትልቁ ከበሮና እርስ በርስ የሚጋጩት የናስ ሳህኖች፣ ሲምባሉ፣ ወደ አውሮፓ ባንዶች የገቡት ከኦቶማን ጃኒሳሪ ወታደሮች ሙዚቃ ነው። ትከሻ ላይ የሚጠመጠመው ሱሳፎንም በማርሽ አቀናባሪው በጆን ፊሊፕ ሱሳ ስም የተጠራ ነው። ያለ መብራት፣ ያለ ሽቦ ሜዳ ሞልተው የኖሩ ናቸው። እኔ ግን ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ትንፋሹ ሲያንስ ሰምቻለሁ። አሳዘኑኝ። "ላግዛቸው" አልኩ። በከበሮዎቹና በተወሰኑ ነፊዎች ላይ ገመድ አልባ ማይክ አሰርኩ። ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮች ከወንበሮቹ ፊት፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አድርጌ ተከልኩ።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ሠርቻለሁ። አየሩ 20 ዲግሪ ያህል ሲሆን ድምፅ በሴኮንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። 60 ሜትር ለማቋረጥ 0.175 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በማይኩ በኩል የሚሄደው ግን ወዲያው ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ስፒከሩ ከባንዱ ቀድሞ እንዳይጮህ ልክ ያንኑ 0.175 ሴኮንድ አዘገየሁት። ከበሮው እንዲመታልኝ አድርጌ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። አንድ ምት። ጥርት ያለ። ረካሁ።

ከሰዓት ልምምድ ገባን። "ተጠንቀቅ! ወደ ፊት ሂድ!"

አሥር እርምጃ ሳንሄድ ተበላሸ። ሱሳፎኑ ዘገየ። ሲምባሉ እሱን ልጠብቅ ብሎ ቀረ። ትራምፔቶቹ ቀድመው ሄዱ። ቆምን። እንደገና ጀመርን። ባሰ። በሦስተኛው የኋላው ረድፍ ግራ ሲያነሳ የፊቱ ቀኝ ያነሳ ነበር። በወጣትነታችን እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር ማታውን ሙሉ ሜዳ ላይ እናድር ነበር።

ማንም አልተቆጣም። ዝም አሉ። ዝምታው ነው የከበደኝ።

ጋሽ ትራምፔት "በቃ፣ አርጅተናል" አሉ። መሣሪያቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ሦስቱን ፒስተን አንድ በአንድ ተጫኗቸው። ከንፈር የሚያርፍበትን ማውዝፒስ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ አጋድመው ክዳኑን ዘጉት። ሁለቱ መቆለፊያዎች ጠቅ፣ ጠቅ ሲሉ ሰማሁ። 5 ወር ሙሉ የለፉበት ነገር በዚያ ድምፅ አለቀ።

እኔም አምኛቸው ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። በዚያ ሜዳ ላይ ድሮ ያልነበረ አንድ አዲስ ነገር ቢኖር የእኔ ዕቃ ነው። ብልሽት ሲፈጠር መጀመሪያ አዲስ የገባውን ነገር መፈተሽ በሙያዬ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ግን የራሴን ሥራ ከመጠርጠር የእነሱን ዕድሜ መጠርጠር ቀለለኝ።

ሻምበል አልተቀበሉም። መሐል ገብተው "መሣሪያ አውርዱ" አሉ። "ከበሮም አልፈልግም። በትሩን ብቻ እዩ።" በትራቸውን አንስተው መሄድ ጀመሩ። 41 ሰው ያለ ሙዚቃ ተከተላቸው። በትሩ ሲወርድ እግር ይወርዳል። ጠጠሩ ላይ የሚሰማው አንድ እግር ብቻ ነበር። ኸሽ። ኸሽ። ኸሽ። ጋሽ ትራምፔትም የተዘጋውን ሳጥን ይዘው ረድፋቸው ውስጥ ናቸው።

ሻምበል አቁመዋቸው ወደ እኔ መጡ። "እግራቸው ደህና ነው" አሉኝ። "ሌላ ነገር ፈልግ።"

ከባለ ትልቁ ከበሮ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። "እባክዎ አንዴ ብቻ ይምቱልኝ" አልኳቸው።

ዱም።

ከዚያ ከማዶ፣ ዱም።

ሁለት። እጄ ቀዘቀዘ። እኔ የለካሁት ተመልካቹ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ባንዱ መሐል ቆሜ ሰምቼ አላውቅም። ስፒከሩ በእኔ ትእዛዝ 0.175 ይዘገያል፤ ድምፁ ተመልሶ ባንዱ ጋ ለመድረስ ሌላ 0.175 ይወስዳል። ጠቅላላ 0.35 ሴኮንድ። የእኛ ማርሽ በደቂቃ 120 እርምጃ ነው፤ አንዱ እርምጃ ግማሽ ሴኮንድ። ስለዚህ ግራ እግር አርፎ ቀኙ ሊያርፍ ሲል ሌላ ከበሮ ይመታባቸዋል። ስፒከሩ ጀርባውን ቢሰጣቸውም አላዳናቸውም፤ የትልቁ ከበሮ ወፍራም ድምፅ በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ለእውነተኛው ከበሮ ቅርብ የነበረው እሱን ተከተለ፤ ራቅ ያለው ከማዶ የሚመጣውን ተከተለ። ሁሉም የሰማውን በትክክል እየተጫወተ ነበር።

ሚክሰሩን አጠፋሁ። ሁሉንም ሰብስቤ ነገርኳቸው። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እናንተ አላጠፋችሁም። ሁለት ከበሮ ያሰማኋችሁ እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።" ቁጥሩንም አስረዳኋቸው። ቁጥሩን ብዙ የሰሙት አልመሰለኝም። "አላጠፋችሁም" የምትለዋን ግን ሰምተዋል። ጋሽ ቱባ በረጅሙ ተነፈሱ። አንዱ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። ጋሽ ትራምፔት መሬት ላይ ተንበርክከው ሳጥናቸውን ከፈቱ፣ ከኪሳቸው ማውዝፒሱን አውጥተው ከንፈራቸው ላይ አሞቁት።

ሻምበል አልተቆጡኝም። "ሜዳ ላይ በጆሮ አይኬድም፣ በዓይን ነው። ይህን እኮ አስተምሬህ ነበር" ብቻ አሉኝ። አስተምረውኛል። የባለ በትር ሥራ ለዚህ ነው። ባንዱ ሲረዝም ከኋላ ያለው ከበሮ ፊት ላለው ሰው ዘግይቶ ይደርሳል፤ በትሩ ግን ለሁሉም እኩል ይታያል። ክላርኔት በያዝኩበት ዘመን የማውቀውን ነገር ሚክሰር ፊት ስቀመጥ ረሳሁት።

እሁድ ጠዋት ስፒከሮቹን ነቅዬ መኪና ላይ ጫንኩ። ከዚያ አራት ሆነን ወንበሮቹን በሙሉ ተሸክመን ወደ ባንዱ መስመር አቀረብናቸው፤ 10 ሜትር ድረስ። የድምፅ ሥራዬ ያን ቀን ይህ ብቻ ነበር።

ከሰዓት ክላርኔቴን ይዤ ረድፌ ውስጥ ገባሁ። ከጎኔ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነው። በትሩ ከፍ ሲል ትንፋሼን ሳብኩ። ገባን፤ አብረን። በተመልካቾቹ ፊት ስናልፍ የጋሽ ትራምፔት የልጅ ልጅ ከፊት ወንበር ላይ በሁለት እጇ ጆሮዋን ይዛ አየኋት። እሳቸውም አይተዋታል። ትራምፔት እየነፉ ፈገግ ማለት አይቻልም፤ ከንፈር ይፈታል። አንዷ ኖታ አመለጠቻቸው፤ ቀጣይዋን ያዟት።