እሳቱን ማን ነካው?

ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር የገና ዛፍ ማስጌጫ ስንሠራ ዋልን። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ዱቄቱ ግን ከወንበሩ ስር ገና አልወጣም።

የጨው ሊጥ ነው የሠራነው። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ የማይሞላ ውሃ። ሌላ ነገር የለውም። ውሃውን በአንዴ ከገለበጡት እጅ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፤ ጠብ ጠብ እያደረጉ ማሸት ነው። ትንሹ ልጄ "ለምን አይበላም?" አለኝ። "ጨው ነው" ብለው አላመነኝም። ቀመሰው። ፊቱ ጭምድድ አለ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። (ውሻ ያላችሁ ሊጡን አርቁ፤ ያን ያህል ጨው ለውሻ አደገኛ ነው።)

ሊጡን በጠርሙስ ዳመጥነው። ትልቋ በቢላ ኮከብ ትቆርጣለች፣ ትንሹ በብርጭቆ አፍ ክብ ያወጣል። አስራ አንድ ክብ። "አንዱን እንኳ ልብ አድርገው" ብለው፣ "ሁሉም ኳስ ናቸው" ብሎ ዘጋኝ። ብልጭልጭ ግን አላስገባሁም። አንዴ ቤት ከገባ ዓመቱን ሙሉ ከምንጣፍ አይለቅም።

መስቀያ ቀዳዳው ሊጡ ርጥብ እያለ በስትሮ ነው የሚበሳው፤ ከደረቀ በኋላ ልብሳህ ቢሉት ይሰነጠቃል። ይህን እያወቅኩ የሦስቱን ረሳሁት።

ከዚያ ኦቨን ገባ። 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት መቆየት አለበት። ልጆቹ በየአምስት ደቂቃው "ደረሰ?" ይሉኛል። ቁጭ አድርጌ ስለ ትዕግሥት መከርኳቸው። ምክሬን ጨርሼ ወጥ ቤት ገባሁና፣ ማንም ሳያየኝ፣ እሳቱን 180 አደረስኩት።

ኮከቦቹ እንደ ዳቦ ተነፉ። ቀስ ብሎ መውጣት የነበረበት ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ሊጡን አሳበጠው። ትልቋ በመስታወቱ አጮልቃ አየችና "እማዬ፣ እሳቱን ማን ነካው?" አለች። ዝም አልኩ። እሷም አወቀች፣ ዝም አለች። አሁን ሳስበው ዝምታዋ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ።

በዚሁ መሃል ከዛፍ ስር የለቀምናቸውን የጥድ ፍሬዎች፣ ጭቃቸው እንዲለቅ ብዬ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነበር። ስንመለስ ቅርፊታቸው ሁሉ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ትንሹ "ገደልሻቸው!" ብሎ ጮኸ። አልሞቱም። የቅርፊቱ የውጭ ጎን ከውስጡ ይልቅ በውሃ ያብጣል፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይከፈታል። ለእሱ ግን "ተኝተው ነው" አልኩት።

"ኦቨን ውስጥ እንክተታቸው?" አለች ትልቋ፣ ወደ እኔ ሳታይ።

"አይ፣ ኦቨኑን ተይው።"

ጋዜጣ ላይ ደርድረናቸው ተኛን። እሑድ ጠዋት ጫፍ ጫፋቸው ላላ ብሎ ነበር። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ግን ሁሉም ወለል ብለው ተከፍተዋል። ከተነፉት ኮከቦች ጋር በክር እያሰርን ስንሰቅል አንድ ፍሬ ጎደለን። ትንሹ አንድ ኩባያ ውሃ ፊቱ አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ፍሬው ውስጡ ነው።

"ሲተኛ አላየሁትማ" አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።