ከ14ኛው ሳምንት ክትባት በኋላ

በጎጃም ገጠር አንዲት እናት ከወለደችበት ቀን አንሥቶ ከጤና ባለሙያ ጋር መቼ መቼ እንደምትገናኝ በተርታ ጽፎ ለተመለከተ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀጠሮ የተሞሉ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ተኩል ወራት ደግሞ ባዶ ሆነው ይታዩታል። ሥራዬ በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ይህን ባዶ ቦታ በየዕለቱ በመዝገብ ላይ አየዋለሁ። ጡት ብቻ የማጥባት ልማድ፣ ማለትም እስከ 6 ወር ለልጁ ውሃ እንኳ አለመስጠት፣ በአገራችን በብዛት የሚቋረጠውም እናቲቱን ማንም በማይጠይቃት በዚሁ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ክትትላችን ወደዚያ ጊዜ እንዲዘልቅ ለመጠየቅ ነው።

የቀጠሮዎቹ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የድኅረ ወሊድ ክትትል በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን እና በ6ኛው ሳምንት እንዲደረግ ታቅዷል። ከዚያ ልጁ በ6ኛው፣ በ10ኛው እና በ14ኛው ሳምንት ክትባት ይወስዳል። ቀጣዩ የክትባት ቀጠሮ በ9ኛው ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ሲሆን፣ በመካከሉ የቫይታሚን ኤ ጠብታ በ6ኛው ወር ይጀመራል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ በየወሩ እየተመዘነ እድገቱን መከታተል እንደሚገባ መመሪያው ያዛል፤ ነገር ግን ከጤና ኬላ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ጎጥ ውስጥ የምትኖር እናት ለሚዛን ብቻ ልጇን አዝላ እንደማትመጣ የምናውቀው ነው። የሚያመጣት ክትባት ነው። ክትባቱ በ14ኛው ሳምንት ሲያልቅ እርሷም ከዓይናችን ትርቃለች።

አሁን ይህን የቀጠሮ ሰሌዳ ከአገር አቀፉ ቁጥር ጋር እናስተያየው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት 58 ከመቶዎቹ ጡት ብቻ እንደሚጠቡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናትም ቁጥሩ 59 ከመቶ ነበር። ይህ የዓለም ጤና ጉባኤ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ሊደረስበት አቅዶት ከነበረው 50 ከመቶ በላይ ስለሆነ በስብሰባዎች ላይ በደስታ ይነገራል፤ ደስ መሰኘቱም አግባብ ነው። ይሁን እንጂ ያው የ2016 ጥናት ሕፃናቱን በዕድሜ ከፋፍሎ ሲያያቸው ሌላ ነገር ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጡት ብቻ የሚጠቡት 74 ከመቶ ናቸው፤ ከ2 እስከ 3 ወር ያሉት 64 ከመቶ ይሆኑና፣ ከ4 እስከ 5 ወር ሲደርሱ ወደ 36 ከመቶ ያሽቆለቁላሉ። ትልቁ መውደቅ የደረሰው የክትባት ቀጠሮ ባለቀበት ማግሥት ነው። አንዱ የሌላው ብቸኛ ምክንያት ነው ለማለት አልደፍርም፤ እናት ድጋፍ በሚያስፈልጋት ሰዓት ድጋፉ ቦታው ላይ አለመኖሩን ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

በወሊድ ሰሞን ያለው ጉዳይ ብዙ ተሠርቶበታል። እንገሩን አልቦ መድፋትና ለአዲስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በበዙባቸው ቀበሌዎች እየቀነሰ ነው፤ ያው ጥናት እንዳሳየውም በአገር ደረጃ 73 ከመቶ የሚሆኑ ሕፃናት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይይዛሉ። ስለዚህ እዚያ ላይ አልቆይም።

አራተኛው ወር በጎጃም ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማየት ያስፈልጋል። እናት አራስነቷን ጨርሳለች፤ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ተነሥቷል፤ የዘመድ አዝማድ ጥየቃና የአራስ ገንፎ አብቅቷል። ሥራ ደግሞ አይጠብቅም። በሐምሌ የተወለደ ልጅ አራተኛ ወሩን የሚይዘው ጤፍ በሚታጨድበት በኅዳር ነው፤ በሚያዝያ የተወለደው ደግሞ በነሐሴ፣ እናቱ ከአረም ጋር በምትታገልበት ወቅት። በየሳምንቱ የሚቆም ገበያ አለ፤ እንጨትና ውሃ በየቀኑ አሉ። ልጁ በዚህ ዕድሜ ይወፍራል፣ ይነቃል፣ ሰው ሲበላ አፍ አፍ ያያል፣ ሌሊት ደጋግሞ ይነሣል። ጎረቤትና አያት «ወተቱ አልበቃው ብሎ ነው» ማለት ይጀምራሉ። እናቲቱም ጡቷ እንደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተወጥሮ ስለማታገኘው ወተቷ የደረቀ ይመስላታል፤ ጡት የሚለሰልሰው ግን የወተቱ መጠን ከልጁ ፍላጎት ጋር ስለተስተካከለ ነው። ይህን አንድ ነገር በጊዜው የሚነግራት ሰው ብታገኝ ብዙ ልጆች ያለ ዕድሜያቸው አጥሚት ባልጀመሩ ነበር።

ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የቤት ለቤት ጉብኝት ስናደርግ ያየሁትን ልጥቀስ። ልጁ ገና አምስት ወር አልሞላውም። ሠራተኛዋ መጀመሪያ በመዝገቡ ላይ ያለውን ጥያቄ እንደተጻፈ ጠየቀች፤ ጡት ብቻ ነው ወይ የምታጠቢው አለቻት። እናቲቱም ሳታመነታ «አዎ፣ ጡት ብቻ ነው» አለች። በብዙ ቦታ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምልክት ይደረግና ይታለፋል። ይህች ሠራተኛ ግን ጥያቄውን በሌላ መንገድ አመጣችው። «ትናንት ጠዋት ከተነሣሽበት እስከ ዛሬ ጠዋት፣ ከጡት ሌላ በልጁ አፍ ምን ገባ? ጠብታ ውሃም ቢሆን ንገሪኝ» አለቻት። እናቲቱ ወደ አማቷ ዞር አለች። «ትናንት እኔ ገበያ ወርጄ ነበር፤ የያዙልኝ እማማ ናቸው።» አማቷም «ኧረ ምንም አልሰጠሁት ልጄ! ሲያለቅስብኝ ጊዜ ጉሮሮው ደርቆ ነው ብዬ ስኳር በጥብጬ በማንኪያ ጠብ አደረግሁለት እንጂ» አሉ። 

ማንም አልዋሸም። እናቲቱ ጡት ብቻ አጠባለሁ ያለችው ከልቧ ነው፤ አያትም ስኳር ውሃን ከምግብ አልቆጠሩትም። ሠራተኛዋ «እናቴ፣ እርስዎ ልጁን ባይዙላት ኖሮ እርሷም ገበያ አትደርስም ነበር» ብላ ጀመረችና፣ የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 እጁ ውሃ እንደሆነ፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ልጁ ሌላ ውሃ እንደማያስፈልገው፣ ከምንጭ የመጣ ውሃ ደግሞ ተቅማጥ ሊያመጣበት እንደሚችል አስረዳቻቸው። ከዚያ «ታዲያ ሲያለቅስ ምን ላድርገው?» የሚለው የአያት ጥያቄ መጣ። እኔ ምክር የምለው ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለውን ነው።

መልሱን በተግባር አሳየች። እናቲቱ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ክዳን ያለው ንጹሕ ኩባያ ቀረበላት። አውራ ጣቷን ከጡቷ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከበታቹ አድርጋ መጀመሪያ ወደ ደረቷ ገፋ፣ ቀጥላ ጫን እያደረገች ማለብ ጀመረች። ጣቶቿ በቆዳዋ ላይ ሲንሸራተቱ ሠራተኛዋ እየያዘች መለሰቻቸው፤ መንሸራተቱ ቆዳውን ያቆስላል እንጂ ወተት አያመጣምና። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ብቻ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ወተቱ ይተኮስ ጀመር። የታለበው ወተት ነፋሻ በሆነ ጥላ ቦታ ተከድኖ ለ4 ሰዓታት ያህል ሊቆይ ይችላል። አያት ልጁን ቀና አድርገው ይዘው የኩባያውን ከንፈር በታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳረፉለት፤ ልጁም በምላሱ እየቀዳ ጠጣ። በጉሮሮው እንዳይንቆረቆርበት፣ ጡጦም እንዳይገዛለት በዚያው ተነገራቸው። ይህ ሁሉ የፈጀው ቡና አንዴ እስኪፈላ ነው።

ከዚህ ጉብኝት የምወስደው ስለ አጠያየቅ ነው። ብሔራዊ ጥናቶችም ቢሆኑ ጡት ብቻ መጥባትን የሚለኩት ባለፉት 24 ሰዓታት ልጁ ምን እንደወሰደ በመጠየቅ ነው፤ ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ውሃ የቀመሰ ልጅ ትናንት ካልቀመሰ ጡት ብቻ ከሚጠቡት ይቆጠራል። ለአገር ግምት ይህ በቂ ነው። ለአንዲት እናት ግን በቂ አይደለም፤ ለእርሷ መዝገቡ ምን እንደተሰጠ፣ ማን እንደሰጠው፣ ለምን እንደተሰጠ፣ ምን እንደተመከረና መቼ ተመልሶ እንደሚጠየቅ መያዝ አለበት። «አዎ» የሚል ምልክት ብቻ ያለበት መዝገብ ለወረዳ ሪፖርት ይጠቅማል፤ ቀጥላ ወደዚያ ቤት ለምትሄደው ሠራተኛ ግን የሚነግራት የለም።

ሌላም ክፍተት አለ። በየመንደሩ የሚደረገው የምግብ እጥረት ልየታ በክንድ መለኪያ የሚመረምረው ከ6 እስከ 59 ወር ያሉትን ሕፃናት ነው። ከ6 ወር በታች ያለው ልጅ ካልተመዘነ በቀር መቅጠኑን የሚነግረን የለም። ስለዚህ የክትባት ቀጠሮ በሌለበት በአራተኛውና በአምስተኛው ወር፣ ልየታውም አያገኘውም፣ ሚዛኑም አይደርሰውም። መቀንጨርን (ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ መቅረቱን) በተመለከተ አማራ ክልል ያለበት ሁኔታ ደግሞ ቸል የሚባል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በክልሉ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር በዋናነት የሚገፋው ከስድስተኛው ወር በኋላ፣ ተጨማሪ ምግብ ሲጀመር መሆኑ እሙን ነው። ሆኖም በአምስት ወሩ በተቅማጥ ሲመላለስ የከረመ ልጅ ወደዚያ ዕድሜ የሚገባው ቀድሞ ተዳክሞ ነው።

ስለ እናቲቱ ራሷም መነገር አለበት። የምታጠባ ሴት ከመደበኛው በተጨማሪ በቀን ሁለት ጊዜ እንድትመገብ እንመክራለን፤ የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ድጋፍ ያስፈልጋታል። በእኛ አካባቢ ግን ብዙ እናቶች አራስነታቸው እንዳለቀ ጾም ይጀምራሉ፤ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታን ልጅ በጡታቸው ይዘው የሚጾሙ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከነርስ ቃል ይልቅ የንስሐ አባት ቃል እንደሚሰማ ስለማውቅ፣ ቀሳውስትን በጤና ኬላው ውይይት ላይ መጋበዝ ተገቢ ነው እላለሁ። አንድ የንስሐ አባት ለምታጠባ ልጃቸው «አንቺ አሁን ብይ» ሲሏት ከእኛ የወር ሙሉ ትምህርት ይበልጣል።

በአሜሪካ ዊክ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጀመረ የመንግሥት የሥርዓተ ምግብ ፕሮግራም አለ። ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ነፍሰ ጡሮችን፣ እናቶችንና እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ይረዳል። ልጁ ጡት ብቻ እንደሚጠባ፣ በከፊል እንደሚጠባ ወይም እንደማይጠባ ይመዘገባል፤ እርዳታውም ምዝገባውን ይከተላል። የማታጠባ እናት እስከ 6 ወር ስትረዳ፣ የምታጠባዋ እስከ አንድ ዓመት ትቆያለች። ራሳቸው አጥብተው ያሳደጉ እናቶችም በአማካሪነት ተመድበዋል። ያው ፕሮግራም የዱቄት ወተትም ስለሚያድል ብዙ ይወቀሳል፤ በዚህ ረገድ የእኛ መንገድ የተሻለ ነው። የምቀናበት ግን የተጻፈው ነገር ወዲያው ወደ ድጋፍ የሚለወጥ መሆኑ ነው። በእኛም አገር ለዚህ የሚቀርብ አሠራር አለ፤ ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎች ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥታ ያለ ጉልበት ሥራ ድጋፉን ታገኛለች። በአብዛኛው ጎጃም ግን ሴፍቲኔት ስለሌለ፣ አረምና አጨዳውን የሚያቀልላት ባሏና ጎረቤቷ ብቻ ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ መንገድም በየጊዜው እየተዘጋ ሥራችን ተፈትኗል። በታብሌት የሚሠራው መረጃ ሲቆም የእያንዳንዱ ቤት የጤና መረጃ የሚጻፍበት የወረቀቱ የቤተሰብ ማህደር ቦታውን ይዟል። ስለዚህ የምጠይቀው ነገር አዲስ ቴክኖሎጂ አይፈልግም። ልጁ የ14ኛውን ሳምንት ክትባት በሚወስድበት ቀን፣ የክትባት ካርዱ ሳይመለስላት በፊት፣ የ4ኛው ወር ተኩልና የ5ኛው ወር ተኩል የቤት ጉብኝት ቀን ይጻፍበት። ገበያ የምትወጣበት ቀንና ልጁን የሚይዝላት ሰው በማህደሩ ውስጥ ይስፈር፤ ጉብኝቱም አያት ወይም ልጁን የሚይዘው ሰው ቤት ባለበት ሰዓት ይሁን። ወተት ማለብ በዚያው በ14ኛው ሳምንት፣ እናቲቱ ገና ከፊታችን እያለች ይታያት። በከተማም ተመሳሳይ ነገር ይሠራል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን የሚያልቀው ልክ በዚያው ሰሞን ነውና፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ ወደ ሥራዋ የምትመለሰዋ እናት ችግሯ ገበያ ከምትወርደዋ ጋር አንድ ነው።

ለወረዳ ተቆጣጣሪዎችም አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ጤና ኬላ ወርዳችሁ መዝገብ ስታገላብጡ፣ ከወር ድምሩ በፊት የ4ኛና የ5ኛ ወር ጉብኝት የተጻፈበትን ገጽ ተመልከቱ። ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ሠራተኛዋን ከመውቀሳችሁ አስቀድማችሁ፣ ስንት ቤት በስንት ሰዓት የእግር መንገድ ብቻዋን እንደምታዳርስ ጠይቋት።