በጾም የተውኩት ክኒን

ልቤ ያለ ቅጥ እየፈጠነ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደውን ዳገት ሳላርፍ መውጣት ሲያቅተኝ ነበር ሜቶፕሮሎል የሚባለው የልብ ምትን የሚያረጋጋ ክኒን የታዘዘልኝ፤ 25 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት በ1 ሰዓት እና ማታ በ1 ሰዓት። በሁለት ወር ውስጥ ዳገቱን እንደ ድሮዬ ወጣሁት። ያሳሳተኝም ይኸው ደኅንነቴ ነው።

ፍልሰታ ገባ። ቅዳሴ ሳይጠናቀቅ እህል ውሃ አልቀምስም ብዬ የጠዋቱን ክኒን ተውኩ። ምንም ስላልተሰማኝ የማታውንም አቆምኩ። በአራተኛው ቀን ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ቆሜ ሳለሁ ልቤ ደረቴን ይደልቅ ጀመር፤ ላብ አጠመቀኝ፤ ሰዎች ደግፈው ወደ ሕክምና ወሰዱኝ። ምቴ በደቂቃ 138 ነበር።

ሐኪሙ በእርጋታ አስረዳኝ። ቤታ ብሎከር የሚባለው የእኔ ክኒን ዓይነት መድኃኒት፣ ልብን የሚያፈጥነው አድሬናሊን ልብ ላይ የሚያርፍባቸውን በሮች ይዘጋል፤ ሰውነት ደግሞ መዘጋቱን ለማካካስ በሮቹን ያበዛል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ አድሬናሊን እነዚያን ሁሉ ክፍት ሆነው ያገኛቸዋል። የልብ ደም ሥር ጥበት ላለበት ሰው ይህ የልብ ጡንቻን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል እንጂ በራስ ፈቃድ አይጣልም። ይህን መጀመሪያ ቀን ጠይቄ ባውቅ ኖሮ!

የንስሐ አባቴን ሳማክር «ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አያስፈታም፤ ውሰጂ» አሉኝ። ያን ሁሉ ቀን አንድ ጥያቄ አፍሬ ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ክኒኑን ከመዋጤ በፊት ሁለት ጣቶቼን ከአውራ ጣቴ ሥር አንጓዬ ላይ አሳርፌ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ምቴ ስለሚዛነፍ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ከ50 በታች ከወረደ ወይም ካዞረኝ ሳልውጥ እንድደውል ታዝዣለሁ። አንዱን ሰዓት ከረሳሁ በሚቀጥለው ደርቤ አልወስድም። ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወደ ፋርማሲ እሄዳለሁ፤ አንዳንዴ አራት ቤት ዞሬ ነው የማገኘው።

ጎረቤቴ «ልቤ ይመታል፣ አንድ ስጪኝ» ስትለኝ ከለከልኳት። አስም አለባት፤ ይህ ክኒን የአየር ቧንቧዋን ሊያጠብ፣ የምትነፋውንም መድኃኒት ሊያዳክም ይችላል። ተቀይማኛለች፤ ነገ ግን አብሬያት ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።

ዛሬ ጠዋት 64 ቆጠርኩ። በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥኩና ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቅዳሴ ወጣሁ።