ስለ ግድቡ ሲጠየቅ ስለ ውሉም ይጠየቅ

ሰኔ 26 ቀን 2017 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ጥያቄዎች ምላሽ ሲሰጡ፣ የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ግንባታ መጠናቀቁንና ክረምቱ ሲያበቃ እንደሚመረቅ ሲናገሩ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ ነበር። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 በተጣለ ጊዜ እንደ ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዜን በየወሩ ጥቂት በጥቂት እያስቆረጥኩ ቦንድ ስለ ገዛሁ፣ ዜናውን የሰማሁት የራሴን ቤት መጠናቀቅ እንደሚሰማ ሰው ነው። ጳጉሜ 4 ቀን ግድቡ ሲመረቅም ደስታዬ ሙሉ ነበር።

ይህን የምጽፈው ደስታውን ለማደብዘዝ አይደለም። ነገር ግን ስለ ኃይል ልማት የሚነሡ የምክር ቤት ጥያቄዎችን ለዓመታት ስከታተል ጆሮዬ የለመደው ጥያቄ «ለወረዳችን መብራት መቼ ይገባል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መራጩ ሕዝብ በጨለማ ተቀምጦ ወኪሉ ሌላ ነገር ቢጠይቅ ማን ደስ ይለዋል? ሆኖም መብራቱ መቼ እንደሚገባ የሚወስነው፣ ከዓመታት በፊት ሥራው ለማን፣ በምን ዓይነት የግዥ ዘዴና በምን ማስረጃ እንደ ተሰጠ የሚናገረው ውል ነው።

ለዚህ ከህዳሴ ግድብ የበለጠ ምስክር አላውቅም። የሲቪል ሥራው፣ ማለትም የግድቡ ግንባታ፣ ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ሲሰጥ፣ የኤሌክትሮ መካኒካልና የውኃ ብረታ ብረት ሥራው፣ ማለትም የተርባይኖቹና የውኃ ማስተላለፊያ ብረቶቹ ተከላ፣ ደግሞ በ25 ቢሊዮን ብር ገደማ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ ለምንለው የመንግሥት ድርጅት ተሰጠ። የአገር ውስጥ አቅም የመገንባቱ ሐሳብ በራሱ መልካም ነበር፤ እኔም በወቅቱ ደግፌዋለሁ። ችግሩ ድርጅቱ እንዲህ ያለ ተርባይን ተክሎ የማያውቅ መሆኑ ነው። በነሐሴ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች በሰጡት መግለጫ ይህንኑ የልምድ ማነስ ጠቅሰው ሥራው ከሜቴክ እንደሚወሰድ አስታወቁ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ድርጅቱ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ተናገሩ። ሥራው ለሌሎች ኩባንያዎች ተከፋፍሎ ከተሰጠ በኋላ የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ያመነጨው የካቲት 13 ቀን 2014 ነው፤ የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

እነዚህን ቀኖች በቅደም ተከተል ስመለከት የሚቆጨኝ፣ ነገሩ የተነገረን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። በአንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል የሚመረጥ ስለሆነ፣ ወደ መድረኩ ወጥቶ የሚመልሰው ለባልደረቦቹ ነው። ስለዚህ የጎደለው ሥልጣን አይደለም። የግዥ ሕጉ ግን ራሱ አንድ ክፍተት ነበረበት፤ ግልጽ ጨረታን ዋና ዘዴ ያደረገው የ2001 አዋጅ በዋናነት የተጻፈው በፌዴራል በጀት ለሚተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች ሲሆን፣ ትልልቆቹን የኃይል ውሎች የሚፈርሙት ግን የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ናቸው። ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው ሕጉ በደንብ በማያየው በኩል ከሆነ፣ የምክር ቤቱ ዐይን ወደዚያው ማተኮር ነበረበት።

የኦዲት ሪፖርት ጠቃሚ ነው፤ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን በኦዲት ግኝት ላይ ሲያፋጥጥ ማየት ደስ ያሰኘኛል። ይሁንና ኦዲተር የሚደርሰው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። የምክር ቤት ጥያቄ ግን ውሉ ሲፈረም፣ ቢዘገይ እንኳ የመጀመሪያው ክፍያ ሲፈጸም ሊቀርብ ይችላል።

አሁን በኦሞ ወንዝ ላይ የኮይሻ ግድብ እየተሠራ ነው። የምክር ቤት አባል ብሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሚቀጥለው ጊዜ ለጥያቄ ሲቀርቡ «ክቡር አፈ ጉባኤ» ብዬ ተነሥቼ፣ ሥራ ተቋራጩ በምን የግዥ ዘዴ ተመረጠ፣ ጨረታ ካልወጣ ምክንያቱን በጽሑፍ ያጸደቀው ማን ነው፣ ተርባይኖቹን የሚያቀርበው ድርጅት ከዚህ በፊት የት ተክሎ ስንት ሜጋ ዋት አስገኘ፣ እስከ ዛሬ ከተከፈለው ገንዘብ ጋር የተሠራው ሥራ ይመጣጠናል ወይ ብዬ እጠይቅ ነበር። መልሱም በቃል ተነግሮ እንዳይቀር፣ ከውሉ ቅጂ ጋር ለቋሚ ኮሚቴው በጽሑፍ እንዲቀርብ እጠይቅ ነበር።